ዓሣውን ያዳነው መድኃኒት

ይህ የገጠመኝ ያለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ እዚሁ አሶሳ ነው። አውራ ጣቴን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሹሩባ ሠሪ ነኝ፤ ጣቴ ከሌለ እንጀራዬም የለም።

ጎረቤቴ ጋሽ ሐሩን ጓሯቸው ባስቆፈሩት ኩሬ ቆሮሶ ዓሣ ያረባሉ። የበርታ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ትንሽ ይሰባበራል። ከወለጋ መጥቼ ቤት ስከራይ መጀመሪያ ደጄን ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ዓሣ ሲያወጡም እኔን ሳያቀምሱ አይቀሩም።

አንድ ቀን ያመጡልኝን ዓሣ ቅርፊቱን ስፍቅ የጀርባው እሾህ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ዓሣውንም ጠብሼ በላሁ። በማግስቱ እጄ አብጦ ማበጠሪያ መያዝ አቃተኝ።

ጋሽ ሐሩን ይህን ሲሰሙ ቀይና ቢጫ እንክብል ይዘው ከተፍ አሉ። አንዱን ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሱልኝ፤ የቀረውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ዋጥ። ጥሩ ነው። ዓሣ ቆስሎ ሲሞት ፉሩሽካ ውስጥ አድርጌ ሰጠሁ፣ ዳነ» አሉኝ።

እኛ ሰፈር ይህ እንክብል የማይነሰነስበት ቁስል የለም። አመስግኜ ዋጥኩ። እጄ ግን ይባስ ብሎ እስከ ክርኔ አበጠ።

ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሟ ከመግሉ ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ፣ ጀርሙ የወሰድኩትን መድኃኒት እንደለመደው ነገረችኝ። አሁን የምትሰጠኝም ካልሠራ ጣቴ ሊቆረጥ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

በምን እንደቆሰልኩ፣ ዓሣውም ምን እንደሚበላ ስትጠይቀኝ ጋሽ ሐሩን ማንጎ ይዘውልኝ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እኔ «እሾህ ወጋኝ» ብቻ አልኩ። ዓሣው ሲታመም እንክብሉን በፉሩሽካ እንደሚሰጡት የነገሯት እሳቸው ናቸው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ከዓሣው ነው ብዬ መማል አልችልም» አለች። «ግን አባቴ፣ ኩሬው ውስጥ መድኃኒት ሲመላለስበት ደካማው ጀርም ይሞታል፤ መድኃኒቱን የቻለው ይተርፋል። የሚራባውም እሱ ነው።»

ጋሽ ሐሩን የያዙትን ማንጎ አልጋዬ ጫፍ ላይ አኖሩ። ከዚያ «የልጅ ልጆቼ ያን ዓሣ ያጥባል። እሱን ከወጋው፣ ምን እሰጣለሁ?» አሉ።

ሐኪሟም «ምንም ሳይሰጡ ወደዚህ ያምጧቸው» አለች።

አዲሱ መድኃኒት ሠራልኝ። ጣቴ ተረፈ፤ ጫፉ ግን አይታጠፍም፣ ሹሩባውም እንደ ድሮው አይፈጥንልኝም። ጋሽ ሐሩን እንክብሉን ትተዋል። ዓሣው እንዳይታመም ብለው ቁጥሩን ቀንሰዋል፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። ዛሬም ያቀምሱኛል፤ ግን ጓንት አጥልቀው፣ እሾሁን ራሳቸው ቆርጠው ነው የሚያመጡልኝ።

ሰው ሲታመም አሁንም ሰፈራችን ውስጥ አንዱ ለሌላው እንክብል ይዞ ይሮጣል። ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ እፈራለሁም። ያኔ ጋሽ ሐሩንም የሮጡት ሊያድኑኝ ነበር። ልቆጣ ብል እንኳ የምቆጣው ሰው የለኝም።