አክስቴ አሸንፋ የመጣች ዕለት

ሰመራ የወጣቶች ማዕከል ስገባ የላብና የቆዳ ጓንት ሽታ ተቀበለኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

አክስቴ ዘህራ ከሎጊያ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ናት። የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አዲስ አበባ አሸንፋ በጭነት መኪና ስትመጣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ነበር። ጎረቤቱ እልል ሲል እናቷ፣ አያቴ፣ አስቀመጠቻትና ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥብላት ጀመር።

«እማዬ፣ አሸነፍኩ እኮ!»

«አልሃምዱሊላህ» አለች አያቴ። «ያቺኛዋስ ልጅ? ፊቷን የሚያጥብላት ሰው አላት?»

ዘህራ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በሳምንቱ ግን ወደ ልምምዷ ተመለሰች።

ዛሬ እዚህ ታዳጊ ሴቶችን ታሠለጥናለች። ስታየኝ «ነይ እስቲ፣ ጓንት አጥልቂ!» አለችና ትከሻዬን በቡጢ ነካ አደረገችኝ። አመመኝ፤ ደስም አለኝ።