የወለተ ኪሮስ ፊርማ

መክሊት ሥራ ፍለጋ ሱቄ ስትገባ ምን እንደምትችል ጠየቅኳት። «መመዝገብና ማሸግ እችላለሁ፤ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት ግን አልወድም» አለችኝ። ሱቅ ሊቀጠር መጥቶ ማውራት አልወድም የሚል ሰው ያን ቀን ገና አየሁ። ቢሆንም ቀጠርኳት፤ ለማውራቱ እኔ ለሁለታችንም አላንስም።

ሻሺቱ እባላለሁ፣ የዶርዜ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ካሱ እላይ ዶርዜ ይሸምናል፤ እኔ ደግሞ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቄ ጋቢና ቡልኮውን ተቀብዬ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ፎቶ እለጥፋለሁ፣ አዲስ አበባ ያለው ሰው ያዝዛል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይሄዳል። መሸጡስ ቀላል ነው። አሳሬን ያሳየኝ የሚመለሰው ነው። አንዷ «ቀለሙ ስልኬ ላይ እንዲህ አልነበረም» ትላለች፣ ሌላው «ሚስቴ አልወደደችውም» ይላል። ከዚያ ላገኙት ሹፌር ይሰጡታል፤ ስም የለው፣ ስልክ የለው፣ መናኸሪያ ጥግ ተጥሎ ይከርማል። በአንድ ክረምት ዘጠኝ ጋቢ እንዲህ ጠፍቶብኛል፤ የመመለሻውን ጭነት ግን ለሁሉም ከፍያለሁ።

መክሊት ይህን ሁሉ በሁለት ወር መልክ አስያዘችው። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የመመለሻ ወረቀት በላስቲክ አድርጋ ትለጥፋለች፤ መመለስ የፈለገ ሰው ምክንያቱን ሞልቶ በዚያው ወረቀት ይልከዋል። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ጭነቱን እኛ እንከፍላለን፣ ሐሳቡን የቀየረ ራሱ ይከፍላል። ጥቅሉን የምታስረው ከካሱ በተረፈ ድር ነው፤ ቋጠሮዋን ከመቀስ በቀር የሚፈታው የለም። ስታስር ሁለቱ የግራ እጇ ጣቶች አይታጠፉም ነበር፤ በቀሪዎቹ ነው የምትሠራው። አየሁ፣ ግን አልጠየቅኩም። አፈኛ ብሆንም መጠየቅ የሌለበትን አውቃለሁ።

ራሷ ነገረችኝ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ስለ ምንም ሳናወራ፣ «እትዬ ሻሺቱ፣ ባል አለኝ» አለች። ከደብረ ብርሃን ጠፍታ ነው የመጣችው። ሁለት ጊዜ ሸሽታ ሁለት ጊዜ አግኝቶ ወስዷታል፤ ጣቶቿ የሁለተኛው ናቸው። «አርባ ምንጭን የመረጥኩት አንድም የማውቀው ሰው ስለሌለኝ ነው። ሰው ፊት ቁጣ የለውም፤ ሲያገኘኝ እንኳ በደግ ቃል ነው የሚወስደኝ። ሦስተኛ ከወሰደኝ ግን አልተርፍም» አለችና እንጀራዋን መብላቷን ቀጠለች።

ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ የመመለሻ ወረቀቱ ላይ ስምሽን ጻፊ ያልኳት። ሹፌሮቹ ተቀባዩ በስም ያልታወቀ ዕቃ አንጭንም አሉ። መናኸሪያ ሄዳ የምትቀበለው እሷ ናት፤ እኔ ግማሹን ሳምንት ዶርዜ ነኝ። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ወለተ ኪሮስ» ይላል።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የክርስትና ስሜ ነው። የሐሰት ስም መጻፍ ከበደኝ። ይሄን ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም። እርግጥ ባሌም በቁርባን ስንጋባ ሰምቶታል። ግን ቄሱ ሁለት ጊዜ ነግረውት እንኳ ተሳስቷል፤ እስከ ዛሬ አያስታውሰውም።»

አምስት መቶ ወረቀት አሳተምን። እኔም አንድ ደንብ ጨመርኩ፤ ወለተ ኪሮስ ያልፈረመችበት ዕቃ ገንዘቡ አይመለስም። ደንቡን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ኮራሁበትም።

ጥር ላይ አንድ ጋቢ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ምክንያቱ «ሐሳቤን ቀይሬ» ይላል፤ ጭነቱ በላኪው ተከፍሏል። መክሊት ጥቅሉን አገላብጣ አየችው። «አልተከፈተም» አለች፤ ድሩ እሷ እንዳሰረችው ነው። «ታዲያ ተገላገልን፣ እጥበት የለበት፣ ተኩስ የለበት» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት በሌላ ሰው ስም ከሆሳዕና አንድ መጣ፤ እሱም አልተከፈተም። የካቲት ላይ ደግሞ ከሶዶ፣ በሦስተኛ ስም። እኔ መዝገቡን እያየሁ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ባጠረ ቁጥር ጭነቱ ይረክሳል፣ እሱንም ላኪው ነው የሚከፍለው። እሷ ግን ሦስቱን ጥቅሎች ጎን ለጎን አድርጋ ቆማ ታያቸዋለች። «ሰው ሳያየው ይመልሳል?» አለችኝ። ገንዘብ የሞላው ምን ያደርግ አልኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ለሰው ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ ለራሴ ግን አልሠራም።

የሶዶውን ያመጣው ጌታነህ ነበር፤ ሽበታም ነው፣ በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቷል። ሰኞ ሱቅ ድረስ መጣና መክሊትን፣ «ያ ዕቃውን ያስጫነኝ ሰውዬ ዘመድሽ ነው እንዴ?» አላት። «የምትቀበለዋ ልጅ ግራ እጇ ተሻላት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናት፣ ሁለት ጣቷ ብቻ አይታጠፍም አልኩት። ደስ አለው።»

መክሊት ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ያን ቀን እኔም ፈራሁ፤ እውነቱን ነው የምናገረው። ካሱ ጋ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ዶርዜ ሊወስዳት ተስማማ። እስከዚያ ሴቻ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤቷ እንዳትወጣ ተባባልን። «ወረቀቱን ግን አሁኑኑ ቀይሪው» አለችኝ። ሦስት መቶ ያህል ቀርቶ ነበር። ያሳተምነው ይለቅና አልኳት። «ሰው ቢመጣ ቤቴን አላውቀውም በይ» አለች። እሺ አልኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ ሱቁ በር ላይ የቆመውን ወንድ ሁሉ በዓይኔ ስመረምር ዋልኩ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «እትዬ፣ ምን አድርጌሻለሁ?» አለኝ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸው ንጹሕ ነው፣ አንገታቸው ላይ የእንጨት መስቀል አለ፣ ሙቀቱ አድክሟቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው። ሱቄን መረቁልኝ። ከዚያ ከዘንቢላቸው ጥቅል አወጡ። «ልጄ፣ ይሄን ልመልስ ነው። ለእህቴ ብዬ ገዝቼው እሷ አረፈች።» ወረቀቱ በትክክል ተሞልቷል። ሐዘንተኛን ገንዘብ የሚከለክል ሰው አይደለሁም፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

«ፈራሚዋ ዛሬ የለችም እማማ። ያለ እሷ ፊርማ አልመልስም።»

«ወለተ ኪሮስ ናት?» ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሰው ሁሉ በዚያ ስም ነው የሚጠይቃት። «እኔ ዛሬውኑ ተመላሽ ነኝ። ቤቷ ሩቅ ካልሆነ ሄጄ ላስፈርም? ልጄ መኪና ይዞ ውጭ ይጠብቀኛል።»

እኔ ስጠብቅ የነበረው ወንድ ነው። ቃሌን ያፈረስኩ አልመሰለኝም፤ ሐዘንተኛ ያስተናገድኩ ነው የመሰለኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ሣልኩላቸው፤ የሴቻን አቀበት፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ከወፍጮ ቤቱ ሦስተኛውን አረንጓዴ በር። እንዳይሳሳቱ በሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አመስግነውኝ ወጡ።

ጋቢውን ልመረምር መቀስ አነሣሁ። ቋጠሮው የመክሊት ነው፤ አልተነካም። መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ለእህት የተገዛ ጋቢ እህት ሳታየው ይመለሳል? ቀና ስል በሩ ላይ ሰው የለም፣ መኪናም የለም።

መክሊት ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ባጃጅ አስቁሜ ወጣሁ። አቀበቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ነጂውን ምን ብዬ እንደሰደብኩት አላስታውስም። አረንጓዴው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አከራይዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«ባሏ ከእናቱ ጋር መጥቶ ወሰዳት» አለችኝ። «እንዴት ያለ ትሑት ነው! ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ ሻንጣዋንም እሱ ያዘላት። እሷ እንኳ ያኮረፈች መሰለኝ። ይሄን ብቻ ለእትዬ ሻሺቱ ስጪልኝ አለች።»

የመመለሻ ወረቀቱ ነው። መስመሩ ላይ «ወለተ ኪሮስ» ተፈርሟል፤ ጥርት ያለ ነው፣ ቀኑም ተጽፏል። አያስታውሰውም ያለችው ስም ነው ለካ መርቶ ያመጣው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ለሦስት መቶ ወረቀት ብዬ።

ፖሊስ ጣቢያ መዝጋቢው የታርጋውን ቁጥር ጠየቀኝ፤ አላየሁም። የአሮጊቷን ስም ጠየቀኝ፤ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠው።

«ይሄን የቤቱን ሥዕል ማን ሣለው?»

«እኔ።»

ብዕሩን አቁሞ አየኝ። «ምን ብለሽ ሰጠሻቸው?»

«አስፈርመው ይምጡ ብዬ» አልኩት፤ እሱም እንዳልኩት ጻፈው።