ጀርባዬን ለማኤስትራ

እኔ ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ሮማ የገባሁ ሰሞን የሜትሮው በር ነጠላዬን ቆርጥሞ ይዞኝ እንዳይሄድ ፈርቼ፣ ዳር ቆሜ ሦስት ባቡር አሳልፌአለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ የእኔ እናት ግን ደብረ ብርሃን ናት፣ እኔ ደግሞ እዚህ አሳንሰሩንም፣ ፖሊሱንም፣ የሲኞራዬን ድመትም እየፈራሁ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ።

ሲኞራዬ የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው። ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ጠዋት ጠዋት ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለ የአንድ ክለብ የስፖርት አዳራሽ አጸዳለሁ። ማኤስትራን፣ አስተማሪዬን ማለቴ ነው፣ ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የታይላንድ ሰው ናቸው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል። ያኔ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ማሳጅ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ከሥራ በፊት አዳራሹ ይመጡና ብቻቸውን ባለላባዋን ኳስ ከግድግዳ ጋር ያላጓታል። ጨዋታው ባድሚንተን እንደሚባል እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን መወልወያዬን ከእጄ ወሰዱና ራኬት አስያዙኝ። ታሪካቸውን በተሰባበረ ጣሊያንኛችን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። ከአሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ የተጫወቱት በጥንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ለሁለት። ለአገራቸው ሲሰለፉም፣ አውሮፕላን ተሳፍረው አገር ላገር ሲዞሩም፣ አንድም ቀን ውድድር ላይ ብቻቸውን ቆመው አያውቁም። የመጨረሻዋ ተጣማሪያቸው አግብታ ስታቆም የእሳቸውም ነገር አብሮ አበቃ።

«ሌላ ሰው ከሌለ እኔ የለሁም» አሉኝ። «አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።»

ጉዴ የጀመረው ከዚያ ነው። ከፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም። ከኋላ ያለው በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ላባዋ በጆሮው ሥር ታልፋለች፤ ከዞረ ዓይኑን ታገኘዋለች። እኔ ደግሞ ለታላቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከንስሐ አባታችን ፊት የምወጣው የኋሊት እየሄድኩ ነበር፤ አንዴ እንዲያውም ከጓዳው ደፍ ጋር ተጋጭቼ ወድቄአለሁ። ማኤስትራ ከኋላዬ ሲቆሙ አንገቴን ያሳክከኛል፤ ሳላስበው ዘወር እላለሁ፣ ይቅርታ ለማለት ያህል። በሁለተኛው ሳምንት ላባዋ ጉንጬን ገረፈችው፤ ከዓይኔ አንድ ጣት አትርቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዓይኔ ቢጠፋ ማን ያሠራኛል?

ለምን እንደምዞር ስነግራቸው አልሳቁም። «በእኛም አገር በታላቅ ሰው ፊት የሚታለፈው ጎንበስ ተብሎ ነው» አሉኝ። «ሜዳ ላይ ግን ታላቅ የለም። ጀርባሽን ስትሰጪኝ አመንሽኝ ማለት ነው። አትዙሪ። ከኋላሽ ነኝ።»

ዓመት ፈጀብኝ። ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፣ እንደኔ ሰው ቤት የሚሠሩት ሁሉ ዕረፍት ወጥተው ተርሚኒ ሲገናኙ፣ እኔ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። «ላባ ስትከተዪ ዶሮ ልትሆኚ ነው» እያሉ ጓደኞቼ ተጫወቱብኝ።

ግንቦት ላይ ማሳጅ ቤቱ ተዘጋ። የሥራ ውል፣ ኮንትራቶ፣ ከሌላቸው የማኤስትራ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፔርሜሶው፣ አይታደስም፤ መስከረም ላይ ደግሞ ያበቃል። የክለቡ ዳይሬክተር አንድ ተስፋ ሰጣቸው፦ በሰኔው የክለቡ ውድድር፣ ራሳቸው ካስተማሩት ሰው ጋር ተጣምረው ይጫወቱ፤ ማስተማር እንደሚችሉ ካየ አሠልጣኝ አድርጎ ይቀጥራቸዋል። ካስተማሩት ሰው! ያ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ማኤስትራ። እኔ ጉድ ነው የምሠራዎት።»

«አሎራ፣ እንግዲያውስ» አሉ፣ «ሐሙስ በሰዓትሽ ነይ።»

የውድድሩ ዕለት ቁርስ አልወርድ አለኝ። ተጋጣሚዎቻችን ሁለት ረጃጅም ጣሊያናውያን ልጃገረዶች ነበሩ። ቢሆንም ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ማኤስትራ በመቱ ቁጥር ድምፁን እሰማለሁ፣ ላባዋ በላዬ ታልፋለች፣ ስትመለስ መረቡ ላይ ቀድሜ አወርዳታለሁ። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍን። ዳይሬክተሩ አገጩን ይዞ ይመለከተን ነበር።

ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ላባዋ ከራሴ በላይ ከፍ ብላ ወደ ማኤስትራ ሄደች። ራኬቴን አንስቼ ጠበቅሁ። ከኋላዬ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት። መቱ ብዬ ላባዋ እስክታልፈኝ ጠበቅሁ። አላለፈችም። ከመረቡ ማዶ ያለችው ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዳራሹ ሁሉ የሚያየውን እኔ ብቻ አላይም። ሆዴ ዙሪ ይለኛል፤ ዓመት ሙሉ የሰማሁት ቃል ደግሞ አትዙሪ ይለኛል። አልዞርኩም።

«ማነው የረገጠኝ?» የሚል ድምፅ ከወለሉ ላይ መጣ።

ማንም አልረገጣቸውም። የተረከዛቸው ጅማት ተበጥሶ ነው። ስዞር ተደፍተው ቁርጭምጭሚታቸውን ጨብጠዋል። ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ደረሰላቸው፤ ያ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አምቡላንሱ ውስጥ እጃቸውን ይዤ «ሳላይዎት ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያልኩ አለቀስኩ። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ቤኔ፣ ጎሽ» አሉኝ። «አልዞርሽም።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳይሬክተሩ አስጠራቸው። እግራቸው በጀሶ እንደታሰረ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋቸው ሄድን። ሁልጊዜ ቀጥ ብለው የሚቀመጡት ሴት ወንበሩ ላይ ጎብጠዋል። በሩ ጋ ስንደርስ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። እንዲያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም። ፍርሃት የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«አይዙሩ» አልኳቸው። «ከኋላዎ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ጀሶውን ትኩር ብሎ አየ። ኮንትራቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብዕሩ ግን ገና ኪሱ ውስጥ ነው። «ያስተማሩትን አይቻለሁ» አለ። «ግን እስኪድኑ ድረስ መረቡ ጋ ቆሞ ለተማሪዎቹ የሚያሳያቸው ማነው?»

እኔ ጣሊያን ቢሮ ውስጥ ሳልጠየቅ ተናግሬ አላውቅም፤ ስጠየቅም «ሲ፣ አዎ» ብቻ ነው የምለው።

«እኔ» አልኩ ከኋላ። ድምፄ እንደ ፍየል ተርገበገበ። «እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እቆማለሁ።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ማኤስትራ አልዞሩም።