ድብ ተብሎ የተሸጠው ጅብ

ሰገነት የምትሰፋውን ነገር ሁሉ መጀመሪያ የምታየው ተኝታ ነው። ቁጭ ብላ አስባ የሰራችው አንድም አሻንጉሊት የለም። አንድ ቀን ጆሮዋ መሬት ለመሬት የሚጎተት ፍየል በህልሟ ትመጣለች፤ ጠዋት ፊቷን እንኳን ሳትታጠብ መቀስ ታነሳለች። ሌላ ቀን ደሞ ሁለት ጭራ ያላት ድመት ትመጣለች፣ አንዱን ጭራዋን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ከየት አመጣሻቸው ሲሏት አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። «እኔ እንጃ፣ መጡ» ነው የምትለው። ከዚያ በላይ ከጠየቋት ላብ ያጠምቃታል።

ሰው ትፈራለች። ድሮም እንደዛው ናት። እሪ በከንቱ ተወልዶ ያደገ አፍ የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ እዛ ሰፈር ህፃኑም ተረብ ይዞ ነው የሚወለደው። እናቷ የሺዓለም «የኔዋ ልጅ ምላሷን ለጎረቤት አከፋፍላ ጨርሳለች» እያለች ትቀልድባታለች። ስምንተኛ ክፍል ሆና አስተማሪው ተነሽና አንብቢ ሲላት ተነሳች፣ ቆመች፣ ፊደሎቹ ሲዋኙባት ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም ትምህርት ቤት አልሄደች።

ስፌት የለመደችው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ፣ ጋሼ ብርሃነ የሚባል ልብስ ሰፊ ጋ ነው። እዛ ስራዋ ዚፕ መትከል ነበር። የሱሪ ዚፕ፣ የጃኬት ዚፕ፣ የቀሚስ ዚፕ። ጋሼ ብርሃነ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ሰገነት ዚፕ ስትተክል በኖረችባቸው ዓመታት አንድም ህልም አይታ አታውቅም። እንቅልፏ እንደ ጥቁር ገበርዲን ነበር፣ ድርቅ ያለ፣ ምንም የሌለበት። አምና ስራ ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሰራተኛ ቀነሰና እሷም ቤት ዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ያቺ ጆሮ ረጅሟ ፍየል መጣች። ሰገነት ያን ቀን አለቀሰች፣ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ እሷም አታውቅም።

አሁን ግን ጋሼ ብርሃነ ትልቅ የሆቴል ዩኒፎርም ትዕዛዝ አግኝቶ ልኮባታል። ከፋሲካ ማግስት ካልገባሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። እናቷም «አሻንጉሊቱ ደንበኛ ካገኘልሽ እሰየው፣ ካላገኘ ግቢ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ሰገነት ዚፑን አይደለም የምትፈራው። ወደዛ ከተመለሰች ህልሙ ጥሏት እንዳይሄድ ነው። ደሞ አንዴ ከሄደ ሁለተኛ በየት በኩል ይመጣል?

እንግዲህ ፒያሳ፣ አንድ የድሮ አዳራሽ ግቢ ውስጥ፣ በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ የእጅ ሥራ ባዛር ይቆማል። ሰገነት ግማሽ ጠረጴዛ ተሰጣት። ሌላኛው ግማሽ የነሲባ ነው። ነሲባ ቤተሰቦቿ ከወሎ ናቸው፣ እሷ ግን የአራዳ ልጅ ናት፤ ሻርፕ በእጇ እየነከረች ትሸጣለች፣ እጇ እስከ ክርኗ አንዳንዴ ሰማያዊ አንዳንዴ ቢጫ ነው። ምላሷ ለሁለት ጠረጴዛ ይበቃል።

ጅቡ የመጣው ባዛሩ በተከፈተ ሰሞን ነው። በህልሟ ፒያሳ ጉም ለብሳለች። ወርቅ ቤቶቹ በራቸው ክፍት ነው፣ ውስጥ ግን ሰው የለም፣ ወርቁ ብቻ ራሱን ያበራል። ታክሲ መያዣው ጋ ረጅም ሰልፍ አለ። ሰልፉ መሃል፣ ወገቡ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ፣ ነጠብጣብ ያለው አንድ ጅብ ቆሟል። አንድም ሰው አልሮጠም። ጅቡ ተራውን ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ደሞ ዘወር ብሎ ከኋላው ያሉትን አሮጊት «ይቅደሙ እናቴ» አላቸው።

ሰገነት ስትነቃ ወዳው ነበር።

ከጋሼ ብርሃነ ቤት ካጠራቀመችው ቁርጥራጭ ቡናማውን መረጠች። ሆዱን ጥጥ ሞላችው፣ ለዓይኑ የድሮ ካፖርት ቁልፍ ተከለችለት፣ የኋላ እግሮቹን አሳጠረቻቸው። በህልሟ እንዳየችው፣ የሚያፍር ሰው የሚመስል ፊት ሰጠችው። አንድ ስትሰራ ሌላ አማራት፣ ብዙ ሆኑ። ባዛሩ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

«ውይ ስታምር! ድብ ናት?» አለች የመጀመሪያዋ ገዢ፣ ጉንጯ ላይ አስጠግታው።

«ጅብ ነው» አለች ሰገነት።

ሴትየዋ የጋለ ብረት ምጣድ የነካች ይመስል ጥላው ሄደች። ከኋላዋ የነበሩ እናት አማተቡ። «በስመ አብ! ሰው ጅብ ሰፍቶ ለህፃን ይሸጣል? ምን ዓይነት ዘመን ነው!» አንድ ጎረምሳ ደሞ ሲያልፍ «እህት፣ አህያ የለሽም? ብቻውን ከምትሸጪው ከነምሳው አድርጊው እንጂ!» አላትና ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ሰገነት ጠረጴዛው ስር ብትገባ ደስ ባላት።

ነሲባ ይሄን ሁሉ ስታይ ቆይታ «ስሚ ሰጊ» አለቻት። «ገበያተኛ ድብ ነው ካለ ድብ ነው። አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታርሚው?»

«ጅብ ነው እኮ።»

«ድብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እነሱስ አይተዋል?»

ሰገነት አሰበች። «ያዩ አይመስለኝም።»

«በቃ! ያላዩትን ቢገዙ ማን ይጎዳል?»

ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሲመጣ የምትመልሰው ነሲባ ሆነች። «ድብ ነው የኔ ቆንጆ፣ የሀበሻ ድብ! ለዚህ ነው ጠየም ያለው!» ሰው ይስቃል፣ ይገዛል። ሰገነት አንገቷን ደፍታ ትጠቀልላለች። ዝም ነው ያልኩት፣ ዝም ማለት ደሞ መዋሸት አይደለም ትላለች በልቧ። ህልሟ ውስጥ ግን ጅቡ አሁንም ሰልፍ ላይ ነው፣ ረዳቱ ስምህ ማነው ይለዋል፣ ጅቡም ዞሮ እሷን ያያታል። እሷ ዝም። ታክሲው ይሄዳል።

የሁዳዴ የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ ቲቸር ሊያ የምትባል ሴት መጣች። እዚሁ አራዳ አንዲት ትንሽ መዋዕለ ህፃናት አላት። ባለፈው ለልጇ አንዱን «ድብ» ወስዳ ነበር።

«አንቺ ነሽ የምትሰሪያቸው?» አለቻት ሰገነትን። «እጅሽ ይባረክ! ልጄ ቃለጽድቅ ከእቅፉ አላወርድ አለ። እኛ ጋ ህፃናቱን ከምሳ በኋላ እናስተኛለን፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ድብ ብትሰሪልኝ ብዬ ነው። ሠላሳ ናቸው። በየዓመቱ ደሞ አዲስ ይገባል፣ ስለዚህ ዘላቂ ነገር ነው።»

ነሲባ ጠረጴዛው ስር የሰገነትን እግር ረገጠች። ሰገነት ቁጥሩን በልቧ ደገመችው። ሠላሳ! ይሄ ማለት ጋሼ ብርሃነ ጋ አልገባም ማለት ነው። ህልሙ ቤት አገኘ ማለት ነው።

«ደስ የሚለው ደሞ» አለች ቲቸር ሊያ፣ «ስም አውጥቶለታል። አያ ይለዋል። እስቲ አሁን ፒያሳ ውስጥ ማን አያ ይላል? ወንድም የለውማ፣ ታላቅ ወንድም አድርጎት ነው መሰለኝ። አያ ተኛ፣ አያ ና እንብላ... ከየት እንዳመጣው አላውቅም!»

ነሲባ መሳቅ ጀምራ አቆመችው።

ሰገነት ከየት እንዳመጣው አውቃለች። በተረት ሁሉ ጅብ ስሙ እንዲሁ አይጠራም፣ አያ ጅቦ ነው የሚባለው። አንዷ ሞግዚት ወይ አንዷ አክስት ተረቱን አውርታለት፣ ልጁ እናቱ ድብ ያለችውን ገና እጁ ላይ ሲያርፍ አየውና በስሙ ጠራው። ማንም ሳይነግረው። ያ ትንሽ ልጅ ያለውን እሷ፣ የሰፋችው፣ አላለችም።

«ጅብ ነው» አለች።

«ምኑ?» አለች ቲቸር ሊያ።

«ልጅዎ የያዘው። ድብ አይደለም። አያ ያለውም አያ ጅቦ ስለሆነ ነው። እሱ አውቆታል።» ለማታውቀው ሰው ይሄን ያህል አከታትላ ተናግራ አታውቅም። ጠረጴዛውን ያዘች።

ቲቸር ሊያ አንዱን አነሳችና ገልበጥ አድርጋ አየችው። ወገቡን፣ አጫጭር የኋላ እግሮቹን። «ለካ!» አለች። «ልጄ ጅብ አቅፎ ነው የሚያድረው!» ልትስቅ ነው ወይስ ልትቆጣ ፊቷ ላይ አልለየም። «ድብ ብላችሁ ነው እኮ የሸጣችሁልኝ!»

«እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሷ አላለችም» አለች ነሲባ ቶሎ ብላ።

«እኔም ዝም ብያለሁ» አለች ሰገነት።

ቲቸር ሊያ ተነፈሰች። «የኔ እህት፣ እኔ ምንም አይደለም እል ነበር። ግን ወላጆች አሉ። ልጃችንን በጅብ ታስተኛለች ብለው ዱላ ይዘው ነው የሚመጡብኝ። እንዲህ እናድርግ፤ ድብ ስሪልኝ። የእውነቱን ድብ።» ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት።

ሰገነት ረጅም ጊዜ አየችው። ቆንጆ ነው፣ ጆሮው ክብ ነው። ግን አንድም ቀን ወደሷ መጥቶ አያውቅም። እሺ ማለት ቀላል ነበር፣ ነሲባም በዓይኗ እሺ በይ እያለቻት ነው።

«እሺ ብልዎት ተመልሶ ይሄው ነው የሚወጣው» አለች። «ገዢው ድብ ድብ ሲል ሞክሬዋለሁ። ድብ ስጀምር ወገቡ ላይ ስደርስ ዝቅ ይልብኛል።»

ነሲባ ሳታስበው ፍርፍር ብላ ሳቀች። ቲቸር ሊያም ፈገግ አለች፣ ቦርሳዋን ግን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እንግዲያ አልሆነልንም።»

«ያኛውን ይመልሱልኝ፣ ገንዘብዎን ልስጥዎ።»

«ከቃሌ እቅፍ? ልጄን አታውቂውም!» አለችና በግቢው በር ወጣች። በሩ ላይ ቆም ያለች መሰለ። ታክሲ ጠርታ ነው። ሄደች።

ነሲባ ያጠፈችውን ሻርፕ ፈታ እንደገና አጠፈችው። «ነግሬሽ ነበር አልልሽም» አለች። «እናቴ ውሸት በረካ ያነሳል ትል ነበር። እኔ ደሞ ለራሴ ካልሆነ፣ ለሰው ከሆነ ምንም አይደል ብዬ። ምቀኛ አያስፈልግሽም፣ እኔ እበቃሻለሁ።»

«አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አለች ሰገነት።

«ተይኝ እባክሽ። ይልቅ ይሄ ጅብሽ ምን ያሳፍረዋል? ፊቱ እንዲህ የሆነው ለምንድነው?»

ሰገነት የሰልፉን ህልም ነገረቻት፣ ወርቁን፣ ጉሙን፣ ይቅደሙ እናቴን። ለማንም አውርታው አታውቅም። ነሲባ አፏን ከፍታ ሰማቻት፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወጣችና ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። «ጅብ! ሰልፍ የሚጠብቅ ጅብ! ተራ የማይቀድም፣ ለእናቶች ቅድሚያ የሚሰጥ፣ ኑ እዩት!»

ሰው ዞረ። አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ቀረብ ብሎ «የታለ? እንዲህ ያለ ሰው እንኳ አጥተናል!» አለና መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ አቆመዋለሁ ብሎ አንዱን ገዛ። ሌሎች ስቀው አለፉ። ሁለት ሰው ጅብ ነው አይደል ብሎ ጠይቆ ገዛ። ብዙው አልገዛም። ሠላሳ አይደለም፣ ሩቡም አይሆንም።

ፋሲካ አለፈ፣ ሰገነት ጋሼ ብርሃነ በር ላይ ቆመች።

«መጣሽ?» አለ ሰውየው መነፅሩን ሳያነሳ።

«እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የምሰራው ጋሼ። ከዚያ በኋላ የራሴ ስራ አለኝ።»

መነፅሩን አነሳ። «አንቺ ነሽ ሰገነት?»

«አዎ።»

«ደሞዙም እንደዛው ግማሽ ነው።»

«እሺ።»

ጋሼ ብርሃነ በአገጩ ጥግ ላይ ያለውን የስፌት መኪና አሳያት። ቁጭ አለች። የሆቴሉ ሱሪ ክምር እስከ ትከሻዋ ይደርሳል። መኪናው ጠጠጠጠ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ጠጠጠጠ። ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ ስትወጣም ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፣ ዳገቱን ስትወጣም፣ ቤት ገብታ አልጋው ላይ ጋደም ስትልም። ዓይኗን መጨፈን ፈራች። ባዶ ገበርዲን ብቻ ባገኝስ?

መስኮቱ ላይ የከሰዓት ፀሐይ አለ። እናቷ ውጭ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። ጠጠጠጠ... ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች፣ ድምፁን አዳመጠችው፣ ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ የመኪና መሆኑን ተወ። እግር ሆነ። ብዙ ትናንሽ እግር፣ የእሪ በከንቱን ኮብልስቶን እየረገጠ የሚወርድ። ማን እንደሆነ ገና አላየችውም። ጉሙ ውስጥ ነው፣ ብዙ እግር አለው፣ እየመጣ ነው።