ድንኳን የሚበቃው ግቢ

በላይ ያንን ግቢ ያየው በሐምሌ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ዝናቡ ረፋድ ላይ ጋብ ባለበት ቀን ነው። ሚስቱ ወርቅነሽ ስለ ወጥ ቤቱ፣ ስለ ጣራው ቆርቆሮና ስለ ውኃው ስትጠይቅ፣ እሱ ከአጥሩ ጥግ ተነስቶ እስከ ቤቱ ደጃፍ በእርምጃ ይለካ ነበር። ርዝመቱ አሥራ ሁለት፣ ወርዱ ስምንት። ተመልሶ ለካው። የእድሩ ድንኳን አሥር በስድስት ነው። ለካስማው በየጎኑ አንድ አንድ እርምጃ ይተርፋል።

«ምን ትፈልጋለህ እዚያ?» አለችው።

«እያየሁ ነው» አላት።

ሌላ ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳ ያንኳኳል፣ ጣራ ያያል። በላይ ግን ወልድያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በኪራይ ኖሮ ዘጠኝ ቤት የቀያየረ ሰው ነው። ዋናው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፤ ሰዉ በላይ ጎሚስታው ይለዋል። ለእድሩ ደግሞ የድንኳኑና የዕቃው ጠባቂ ነው። በጦርነቱ ከተማዋ በተያዘችባቸው አራት ወራት ሰው ቴሌቪዥኑንና ጌጡን ሲደብቅ፣ እሱ ድንኳኑን ባለቀ ጎማ ክምር ሥር ቀብሮ አተረፈው። «ሞትን ደብቆ ያቆየልን» እያሉ ሲቀልዱበት ከርመዋል።

ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በፊት እናቱ ያረፉ ጊዜ ነው። አከራዩ ድንኳን ከተተከለ መኪናዬ መውጫ ያጣል አለና ድንኳኑ አስፋልት ዳር ተተከለ። ለቀስተኛው በጭነት መኪና ጭስ መሃል ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች አንገታቸውን እያሰገጉ «የሟች ቤት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ያ ጥያቄ ጎማ ውስጥ እንደቀረ ሚስማር በላይ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለ ሚስማር አያፈነዳም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው። ሰው የሚኖርበት ሳይሆን የሚለቀስበት ደጅ ሲያጣ ነው ለካ ድህነቱ የሚገባው። እንዲህ እያለ ኖረ። አሁን ደግሞ የዘጠነኛው ቤት አከራይ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ልቀቁልኝ ብሏቸዋል።

ሰፈሩ ገጠርነቱን ሳይተው ከተማ ለመሆን የተነሳ ነው። በአንድ በኩል ማሽላ፣ በሌላው በኩል ብሎኬት። የመብራት ምሰሶ ቆሟል፤ ሽቦ ግን የለውም። ከአዲሶቹ ቤቶች ግማሾቹ እንደተዘጉ ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው ወደ ደሴ እንደሸሹ ቀርተዋል። በአንዱ ግድግዳ ላይ የጥይት ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። ውጊያው እንደገና ሊጀመር ነው የሚለው ወሬ በየቀኑ ይወፍራል። መርሳ ያለችው እህቱ፣ ቤት መግዛቱን ትተህ ዕቃህን ጠቅልለህ ወደ እኔ ና እያለች ትደውላለች። ወርቅነሽ ግን ሌላ ሐሳብ አላት። ወሬው ባይኖር የዚህ ቤት ዋጋ ወደ እኛ ዝቅ አይልም ነበር ትላለች። እውነቷን ነው። በላይን ያደከመውም ይኸው እውነት ነው፤ ሰው ቤት የሚያገኘው ሌላው ሲፈራ ከሆነ፣ የገዛው ቤቱን ይሁን ፍርሃቱን እንዴት ይለየዋል?

ሻጯ ሁሪያ ትባላለች። ቤቱን ብሎኬት በብሎኬት የሠራው ባሏ ናስር ግንበኛ ነበር፤ በኅዳር ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ከባድ መሣሪያ ገደለው። አራት ሰዎች ተሯሩጠው ቀበሩት። አሁን ሸጣ ግራና ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ ልትገባ ነው። ውሉን ለቅዳሜ ቀጠሩ።

በላይ ከዚያ በፊት ብቻውን ተመልሶ ሄደ። አጥሩን ልየው ብሎ ነው የሄደው። ሁሪያ በርጩማ አወጣችለት፤ ለምን እንደምትሸጥ ሳይጠይቃት ነገረችው።

«ጋሼ በላይ፣ ናስር ከዚህ ቤት አልወጣም» አለችው። «መቀበሩንስ ተቀብሯል። ግን አንድ ሰው እዚህ ደጅ ላይ አልተቀመጠለትም። አልወቅስም፣ ያኔ ሁሉም የራሱ ነበረበት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሥራ ውሎ የመጣ ይመስለኛል። እንዲህ እየሆነ በቤት አይኖርም።»

ናስር የእድሩ አባል ነበር፤ ድንኳን ሲተከል መዶሻውን ከሰው እጅ ነጥቆ ካስማ የሚመታው እሱ ነበር። ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ቀን ድንኳን ይተከላል ይላል ደንቡ። ለናስር አልተተከለም። ድንኳኑ ያኔ ጎማ ሥር ነበር፣ የቀበረውም በላይ ራሱ ነው። ምን ማድረግ እንደሚገባው ወዲያው ገባው። ምን እንደሚያሳጣውም አብሮ ገባው። ሁለት ቀን ጎማ ሲጠግን ሰነበተ፤ አንዱን ጎማ ሁለት ጊዜ ለጥፎ ቀዳዳውን ሳተው።

ሐሙስ ዕለት የእድሩ ሊቀ መንበር ወደሆኑት ወደ ሼህ ሲራጅ ሄደ። ለውሉም ምስክር እንዲሆኑ የተጠሩት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ደባበሱ።

«ለቅሶ ከሦስት ቀን አያልፍም፤ ይህ ስምንት ወር ሆነው» አሉ። «ሰደቃና ዱአ ግን ጊዜ አያልፍበትም። ይሁን። ግን ቅዳሜ ፈርመህ እሑድ ብትተክለውስ?»

«ያኔማ የእኔ ግቢ ነው፣ ሼህ ሲራጅ። ናስር በሰው ደጅ ሊለቀስለት ነው።»

«እና ድንኳኑ ቆሞላት ሴትዮዋ የምትሸጥልህ ይመስልሃል?»

«አይመስለኝም።»

ሼሁ ጥቂት አዩት። «ሞኝ ነህ» አሉ ቀስ ብለው። «በል፣ ካስማ እንዳታጎድል።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሁሪያ ፈቃድ፣ በውሉ ፋንታ ድንኳኑ ቆመ። ልክ እንደለካው ገባ፤ በየጎኑ አንድ እርምጃ ተረፈ። ወርቅነሽ ነገሩን የሰማችው ዓርብ ማታ ነው፤ አልተሳደበችም። ከሴቶቹ ጋር ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች፣ ዓይኗ ሲያለቅስ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ማንም አልጠየቃትም። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። መጀመሪያ ሃያ ያህል ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ሰው ሞቶባቸው ሳያለቅሱ የከረሙ ሁሉ መጡና በናስር ስም የየራሳቸውን አለቀሱ። አንዲት ባልቴት ናስርን ጨርሶ አላውቀውም፣ ግን ልጄንም ከእሱ ጋር ቁጠሩልኝ አሉ። ማንም የከለከላቸው የለም።

በሦስተኛው ቀን ዱአው አልቆ ሰው ሲበተን፣ በላይ ካስማ ሲነቅል ሁሪያ አጠገቡ መጥታ ቆመች። ነጠላዋን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ በላይ» አለች። «መሄዱን አልቻልኩም። ቤቱ ሰው ገባበት።»

«አውቄያለሁ» አላት።

«ክፉ ቀን ቢመጣባችሁ... አላህ አያምጣው እንጂ፣ ግቢው አለ። ልኩ ነው፣ አይተነዋል።»

ራሱን ነቀነቀላትና የመጨረሻውን ካስማ ነቀለ።

ድንኳኑን ጠቅልለው ባጃጅ ላይ ጫኑት፤ ምሰሶው ነገ በጋሪ ይመጣል። ባልና ሚስት ጥቅሉን መሃላቸው አድርገው ተቀመጡ።

«ያን ቀን በእርምጃ ስትለካ የነበረው ለዚህ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ አልጋችን የት እንደሚቆም እያየህ መስሎኝ።»

ጎኑን እንደመታችው ሁሉ ሸሸት አለ። ከዚያ ሁሪያ የሰጠችውን ቃል ነገራት፤ ከእንግዲህ ስንሞት ሰው የሚቀመጥበት ደጅ አናጣም አለ። እናቱ ካረፉ ጀምሮ የፈለገው ይህንኑ ነበር። አሁን በአፉ ሲለው ግን ለራሱም ትንሽ ሆነበት።

«እስክንሞትስ?» አለች ወርቅነሽ።

ነሐሴ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ነሐሴ ሲያልቅ ደግሞ ዘጠነኛውን ቤት ይለቃሉ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ፣ ባጃጁም በር አልነበረውም፤ በላይ የድንኳኑን ጥቅል ጫፍ ፈታና ጉልበቷ ላይ አለበሳት። ለሟች እንጂ ለሌላ አይዘረጋም ብሎ ስንቱን የተቆጣበት ሸራ ነው። እሷም ወደ ራሷ ሳበችው።