አሥራ አራት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ይዤ ወደ ፒያሳ

ንጋት፣ 11 ሰዓት ተኩል፤ ኮዬ ፈጬ

ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የጥቅምት ብርድ ጣት ያደነዝዛል። የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን የወረድኩት በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በሌላው ሳጥኑን ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው። ሳጥኑ ክዳኑ መስታወት የሆነ የእንጨት ሳጥን ነው። በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። ውስጡ አሥራ አራት ትንንሽ ቢራቢሮዎች ቡሽ ላይ በስፒል ተወግተው ተደርድረዋል። አንዳቸውም ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ክንፋቸው ከላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ ከሥር ግን ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ሆኖ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብና ክር የምታህል ጅራት አለው።

ሁሉንም የሰበሰበው ባለቤቴ ታፈሰ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነበር። ፒያሳ ከነበረው ቤታችን አጥር ላይ በብዙ ዓመታት ውስጥ ያዛቸው። ካረፈ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። በሕይወት ሳለ ስለ እነዚህ ቢራቢሮዎች አንድ የማያልቅ ክርክር ነበረን። እሱ "ሦስት ዓይነት ናቸው" ይላል። እኔ ደግሞ ባየሁ ጊዜ ሁሉ አንድ ስለሚመስሉኝ "አንድ ናቸው፤ ዓይንህን ተመርመር" እለው ነበር።

አሁን ሂሩት የምትባል የድሮ ተማሪው፣ ቢራቢሮ የምታጠና፣ ሳጥኑን ትፈልገዋለች። በስልክ እንደነገረችኝ የዚህ ወገን ቢራቢሮዎች በክንፋቸው አይለዩም። ዝርያው የሚታወቀው የወንዱ ሆድ ጫፍ ተቆርጦ፣ በመድኃኒት ለስልሶ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ ነው። መቁረጥ! እኔ ዓመት ሙሉ አቧራ እንኳ እንዳይነካቸው ስጠብቅ የኖርኩትን። እሺም እምቢም አላልኳትም። "ፒያሳ እንገናኝና እዚያ እወስናለሁ" አልኳት። እንግዲህ የምሄደው ለዚህ ነው፤ ልስጥ ወይስ ይዤ ልመለስ።

1 ሰዓት ተኩል፤ ባቡር ላይ

እስከ ቃሊቲ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር። ባቡሩ ጢም ብሏል። የቆሎ ሽታ፣ የአዲስ ጫማ ሽታ፣ የሰው ትንፋሽ። አንድ ጎልማሳ አየኝና ተነስቶ አስቀመጠኝ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ ሳደላድለው ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

"ኬክ ነው እማማ? እንዳይዘነብል ልያዝልዎት?"

"ኬክ አይደለም ልጄ፤ ቢራቢሮ ነው።"

"ቢራቢሮ?" ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። "ሰማህ? ኬኩን እንዳንቀምስባቸው እኮ ነው።"

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ጎልማሳው ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸውና "ሁሉም አንድ ናቸው እኮ" አለ። በልቤ ታፈሰን "ሰማህ?" አልኩት። ከሳሪስ እስከ ለገሃር ያለውን መንገድ በዚህ ደስ ብሎኝ ጨረስኩት።

3 ሰዓት፤ ምኒልክ አደባባይ

ከባቡሩ ስወርድ ፀሐይ ወጥታለች። የጊዮርጊስን ደጅ ተሳልሜ ትንሽ አረፍኩ። ጧፍ ሻጮቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል። አስፋልቱን ስሻገር የሎተሪ አዟሪ "ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው እናቴ!" እያለ ይከተለኛል። "የእኔ ቀን መሆኑን ማን ነገረህ?" ስለው፣ "ሳጥን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ብር ማስቀመጫ አዘጋጅቷል ማለት ነዋ" አለኝ። አራዳ ያው አራዳ ነው።

አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ጠጣሁ። ሰባ ብር ሆኗል። እኔና ታፈሰ ቅዳሜ ቅዳሜ ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ቆመን ነበር የምንጠጣው፤ እሱ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት የጡረተኛ ነው ይል ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቆሞ ነው የጠጣው። እኔ ዛሬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

4 ሰዓት፤ የድሮው ሰፈራችን

ወደ ውቤ በረሃ አቀናሁ። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እኛም ዕጣችን ደርሶን ኮዬ ገባን፤ ከዚያ ወዲህ በእግሬ መጥቼ አላውቅም። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። ድንጋዩ የተወለወለ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ረዣዥም መብራቶች። በሩ የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ሞከርኩ። የጎረቤታችንን ትልቅ ዋርካ ይዤ ወደ ግራ ሃያ እርምጃ ብዬ ቆጠርኩ፤ የደረስኩት ሣር መሃል ነው።

"እማማ! ሣሩን አይርገጡብኝ!"

ቢጫ ሰደርያ የለበሰች፣ የውሃ ጎማ የያዘች አትክልተኛ ናት። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ልሄድ ስል ግን በሣሩ ዳር የተተከለውን አየሁ፤ ያው የእኛ አጥር ላይ የነበረው ተክል ነው። አበባው ፈዛዛ ሰማያዊ፣ እምቡጡ የሚጣበቅ፣ ልጆች እንደ ጉትቻ ጆሯቸው ላይ የሚለጥፉት። ከእኛው አጥር የመጣ አይደለም፤ ለጌጥ ከሌላ ቦታ አምጥተው የተከሉት ነው። አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። አንዲት ሰማያዊ ብናኝ መጣች፣ ክንፏን ገጠመች፣ ዝንጉርጉር ሆነች። ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት እየተባረሩ።

"ምን ጠፍቶብዎት ነው?" አለች አትክልተኛዋ ቀረብ ብላ።

"አልጠፋም፤ አገኘሁት" ብዬ ጠቆምኳት።

"እ፣ እነዚህ! ልጆቻቸው እኮ ትል ናቸው፣ አረንጓዴ። እምቡጤን ይበሉብኛል።"

"ታዲያ መድኃኒት ትረጪባቸዋለሽ?"

ወደ ኋላዋ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ተቆጣጣሪው እርጪ ይላል። እኔ ረጨሁ እላለሁ። ምን ያህል ይበላሉ ብለው ነው? አበባው እንደሆነ ሞልቷል።"

እጇን ይዤ ሳምኳት። ለምን እንደሳምኳት አልገባትም፤ ግን ደስ አላት። እኛ ዕቃችንን ጭነን የከተማ ጫፍ ስንገባ ቢራቢሮዎቹ አጥር ቀይረው እዚሁ ቀርተዋል። ይህን ለማየት ብቻ እንኳ መምጣቴ አልከፋም።

5 ሰዓት ተኩል፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ቁልቁል ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ካልሲ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሙዝ በጋሪ፣ የተቆለለ ያገለገለ ጫማ፤ በመሃሉ ሰው እየተጋፋ ይተላለፋል። ሳጥኑን ከፍ አድርጌ በራሴ ልክ ይዤ ነው ያለፍኩት። ጋሽ ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ሆኖ ከሩቅ አየኝ። የፎቶ ፍሬም የሚሠራ፣ መስታወት የሚቆርጥ ሰው ነው። ሳጥኑን የሠራውና መስታወቱን ዙሪያውን በስቱኮ የደፈነው እሱ ነው፤ ሳይነቃነቅ መክፈት የሚችለውም እሱ ብቻ ስለሆነ ሂሩትን እዚህ ነው የቀጠርኳት።

"እትዬ ወይንሸት! ታቦት መስሎኝ እልል ልል ነበር እኮ!"

"አንተ ደግሞ፣ ታቦት ሲያልፍ እልል ማለት ከመቼ ጀምረህ ነው?"

"ጎረቤት ነና! አርባ ዓመት ከጊዮርጊስ ሥር ኖሬ እልልታውን ካልቻልኩበት ምን ሰው ነኝ?"

ሂሩት ቀድማ ደርሳ ከውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ተነስታ አቀፈችኝ። የዛሬን አያድርገውና ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ሁለት ልጆች ያሏት፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ለቅሶ ላይ አገር ውስጥ ስላልነበረች ገና አሁን አለቀሰች። ጋሽ ሸምሱ ስቱኮውን በስል ቢላ መፋቅ ጀመረ። ዙሪያውን ሲጨርስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ መስታወቱን አነሳው። የናፍታሊን ሽታ ወጣ፤ የታፈሰ የጥናት ክፍል ሽታ።

"አሁን ምንድን ነው የምታደርጊያቸው?" አላት ጋሽ ሸምሱ።

ነገረችው።

"ሆዳቸውን? ያ ረቢ! ሞተውም አላረፉም?"

"ጋሽ ሸምሱ፣ ሌላ መንገድ የለውም። ቲቸር ራሳቸው ያውቁ ነበር። መሣሪያ ስላልነበራቸው ነው።"

"መምህር ሦስት ነው ይሉ ነበር፤ እትዬ አንድ ነው ይላሉ። እዚህ ባንኮኒ ላይ ሆነው ስንቴ ተከራክረዋል! እኔን ዳኛ ሲያደርጉኝ፣ እኔ የማውቀው መስታወት ነው፣ እንደ እሱ እንዳላየሁ አሳልፋለሁ አልኳቸው።"

ሂሩት ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ከእያንዳንዱ ቢራቢሮ ሥር እዚያው ስፒል ላይ የሰሊጥ ፍሬ በሚያህል ፊደል የተጻፈ መለያ ወረቀት አለ፤ ቦታ፣ ቀን፣ የያዘው ሰው ስም። ሳይንሱ የሚፈልገው ስለሆነ ታፈሰ በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው። በስልክ ካነሳሁላት ፎቶ ላይ ሂሩት ከክንፎቹ ሥር ወጥተው የሚታዩትን ቀኖች ብቻ ገልብጣ በሰንጠረዥ አስቀምጣቸዋለች። እየጠቆመች አስረዳችኝ። "ይኸው እትዬ፣ 18/1/98። ጃንዋሪ ላይ፣ በበጋ የተያዘ። ይሄም፣ ይሄም። አብዛኞቹ በበጋ ስለሆኑ እውነቱን ለመናገር አንድ ዓይነት ሳይሆኑ አይቀሩም።"

ወረቀቱን ተቀብዬ ቀስ ብዬ አነበብኩ። እኔ ማንበብ አልፈጥንም። ከዚያ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

"ሂሩትዬ፣ በፈረንጅ 98 እኛ ፒያሳ መቼ ገባን? አምቦ ነበርን እኮ፤ እሱ እዚያ ያስተምር ነበር።"

"እንዴት?"

"ይሄ 98 የእኛ 98 ነው። አንድ የተባለውም ወር ጃንዋሪ አይደለም፤ መስከረም ነው። በፊደሉ ፈረንጅ ሆነ እንጂ ታፈሰ በሕይወቱ በፈረንጅ ቀን ቆጥሮ አያውቅም።"

ሂሩት ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ውይ! ሙዚየም ያለው መለያ ሁሉ በፈረንጅ ስለሆነ ሳላስብበት..." ብላ ወዲያው እስክሪብቶ አንስታ እያንዳንዱን ማስተካከል ያዘች። እኔ እያነበብኩላት እሷ ትለውጣለች። መስከረም፣ መስከረም፣ ጥር፣ መስከረም፣ ጥር። ስትጨርስ ወረቀቱን ራቅ አድርጋ ተመለከተችው። "ለካስ ለሁለት ይከፈላሉ። ክረምቱ እንደወጣ የሚበሩና ደረቁ ወቅት ላይ የሚበሩ። አንድ ዓይነት ናቸው ማለቴን ትቼዋለሁ እትዬ። ግን ወቅት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ሆዳቸው ነው።"

ሁለቱም እኔን አዩ። እኔ ሳጥኑን አየሁ። እነዚያን ስፒሎች ለመጨረሻ ጊዜ የነካው የእሱ እጅ ነው። ሂሩት እኔን ላለማስቸኮል ብላ ይመስለኛል፣ በወረንጦ አንዱን ስፒል ነቅላ መለያውን በአጉሊ መነጽር ማየት ጀመረች።

"ይሄኛውን ቲቸር አልያዙትም" አለች።

"ማን ያዘው?"

"'ያዢ፣ ወይንሸት' ይላል።"

አስታወስኩት። ያጠብኩለት ሸሚዝ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አንዱ ቢራቢሮ ከእርጥቡ ኮሌታ ውሃ ይመጥ ነበር። ታፈሰ ቤት ውስጥ መረቡን ሲፈልግ እኔ በሻይ ማጥለያ ከደንኩት። "በማጥለያ የተያዘ ቢራቢሮ በሳይንስ አይታወቅም" ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ። ስሜን መጻፉን ግን አልነገረኝም።

"መለያው ላይ የተጻፈ ስም ለውጥ የለውም?" ብዬ ጠየቅኋት።

"የለውም። ሳጥኑ የትም ይሂድ፣ ማንም ያጥናው፣ ያዢዋ እርስዎ ነዎት። ይሄን ለመንካት የእርስዎን ፈቃድ ነው የምጠይቀው።"

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጋሽ ሸምሱ ፊቱን ወደ መስታወቶቹ መለሰ።

"እንግዲያው ከእኔው ጀምሪ" አልኳት።

10 ሰዓት፤ መልስ

ባዶ እጄን ስሄድ ክንዴ ቀለለኝ፤ ግን ደጋግሜ ከጎኔ የረሳሁት ነገር ያለ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ጋሽ ሸምሱ ሳጥኑን መልሶ በቀላሉ በሚላቀቅ ልስልስ ስቱኮ ገጥሞ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ራሱ ሂሩትን ታክሲ ላይ አሳፍሯታል። "ቀስ ብለህ ንዳ! ከውስጥ ነፍሰ ጡር አለች!" ብሎ ሾፌሩን አስደነገጠው። ሂሩት ሾፌሩን ይቅርታ ስትጠይቀው በመስኮቱ አየኋት። በባቡሩ ውስጥ ወንበር አገኘሁና እስከ ሳሪስ ተኛሁ።

ማታ 1 ሰዓት፤ ቤት

ደረጃውን ወጥቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። ሂሩት ናት፤ አልቻለችም፣ ዛሬውኑ አምስቱን አይታቸዋለች።

"ሁለት ዓይነት አሉ እትዬ! በጭራሽ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "የእኔስ የትኛው ሆነ?"

"የእርስዎ ተራው ነው። በየአገሩ የሚገኘው፣ ከሁሉም የበዛው።"

ሳቄ መጣ። ተራው በመሆኑ ምንም ቅር አላለኝም። በማጥለያ የተያዘ ምን ይሆናል ብዬ ነው?

"ስንት ቀረሽ?"

"ዘጠኝ። ግን እስካሁን ሦስተኛ የሚባል ምልክት አላየሁም። ቲቸር በአንዱ ሳይሳሳቱ አልቀሩም።"

"አልተሳሳተም" አልኳት። ድምፄ እንዲህ እንደሚጠነክር አላወቅሁም ነበር። "ዘጠኙ ውስጥ አለ። በደንብ እዪ። ካላየሽው እንደገና እዪ። ዘጠኙ ውስጥ ባይኖር የአትክልተኛዋ አበባ ላይ ይኖራል፤ መረብ ይዘሽ ነይ፣ ቦታውን እኔ አሳይሻለሁ።"

ሂሩት በስልኩ ውስጥ ሳቀች። "እትዬ፣ አንድ ነው ሲሉ የነበሩት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?"

"ነበርኩ" አልኳት። "አሁን ግን የእሱን ወገን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።"