ለወባ በር የከፈተ ደም

የሽንኩርት ችግኜን ፀሐይ እንዳያቃጥልብኝ አጎበሬን አልብሼው፣ እኔው ደጅ አልጋ ዘርግቼ ያለ አጎበር ተኛሁ።

ባለቤቴ ዘይነባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወባ የሚይዘው ሽንኩርቱን ነው እንዴ?» አለችኝ።

«የእኔ ደም መራራ ነው፤ ቢንቢ ቀምሳ ትተፋዋለች። ወባ ከያዘኝ፣ ውኃ በጀሪካን እንደ ሴት አዝዬ ሰው እያየኝ በመስጊዱ በር አልፋለሁ» አልኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብርዱ በቀትር ጀመረኝ። ሸዋ ሮቢት፣ በቀትር፣ ብርድ! ጋቢ ደራረቡልኝ። ተንቀጠቀጥኩ። ከዚያ ነደድኩ።

ጤና ጣቢያ ደሜ ሲታይ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ተገኘ። ክሎሮኩዊን ሰጡኝ፤ ደሜ ፕራይማኩዊን የሚባለውን መድኃኒት ይችል እንደሆነ በጂ6ፒዲ ምርመራ አይተውም እሱን ጨመሩልኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ፕራይማኩዊኑን ተውኩት። ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይውጣል?

ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ባሰ። ቆሜ መስገድ አቃተኝ። ዘይነባ በማንኪያ አጠጣችኝ። ኑዛዜ ጀመርኩ። የምናዘዘው ሽንኩርት ብቻ ሆነብኝ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ጉበትዎ ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ ከዚያ የሚያጠፋው ያቋረጡት ፕራይማኩዊን ነው» አለኝ ሐኪሙ።

«ዘይነባስ እዚያው ደጅ አጠገቤ ተኝታ ወባው እንዴት ተዋት?» አልኩት።

«ቀይ የደም ሴል ላይ ዳፊ የሚባል ተቀባይ አለ፤ የሚያሠራው ኤሲኬአር1 የሚባል ጂን ነው። ኬሞካይን የሚባሉትን የሰውነት መከላከያ መልእክተኞች ይቀበላል። ቫይቫክስም በሱ በኩል ይገባል። በጂናቸው ለውጥ ምክንያት ቀይ ሴላቸው ላይ ይሄ ተቀባይ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን ብዙ ጊዜ አይዛቸውም። እትዬ ዘይነባ ከነሱ ይሁኑ አይሁኑ ሳይመረመሩ አላውቅም። የእርስዎ በር ግን ክፍት ነው።»

የገዛ ደሜ! ቢንቢስ ጠላቴ ናት፤ ከሷ ምን እጠብቃለሁ? ለመልእክተኛ የተሠራውን በር ለሌባ የከፈተው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጮማ ያበላሁት ዘበኛዬ ነው። ጉበቴም አልጋ አነጠፈለት። እስካሁን አልታረቅኳቸውም።

በሁለተኛው ዙር መድኃኒቱን ዘይነባ ፊቴ ቆማ እያስዋጠችኝ፣ አፌንም እንደ ሕፃን እያስከፈተች እያየች እስከ መጨረሻው ጨረስኩ፤ ቀስ በቀስም የፓፓያ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ከዚያ እስከ ማሳው መሄድ ቻልኩ። አልሐምዱሊላህ፤ ሐኪሙንም እሷንም አላህ ይጠብቅልኝ።

የያዛችሁ ሰዎች፣ ትኩሳት ሲለቃችሁ ወባው የለቀቃችሁ አይምሰላችሁ፤ የታዘዘላችሁን ጨርሱ። አይዘኝም የምትሉም አጎበር አትተዉ፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ በሌላ በር ይገባል።

አሁን አጎበሩ አልጋችን ላይ ነው። ጉልበቴም ተመልሷል፤ ሰበብ አለቀብኝ። ጀሪካኑን ዘይነባ ውኃ ሞልታ በራችን ላይ አስቀምጣዋለች፤ የመረጠችልኝ ሰዓት ደግሞ ሰው ከጁምዓ ሰላት ሲወጣ ነው።